የፊት ሾክ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ሁለቱንም ሞክሬ ከወራት በኋላ የምለው

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው፤ የቸኮለ ሰው እዚሁ አንብቦ ይሂድ። የርካሽ ማውንቴን ሳይክል የፊት ሾክ ደርቆ አልወርድ ሲል ብዙውን ጊዜ አልሞተም። ግራሶው አልቆ ነው። ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ አዲስ ግራሶ መቀባት ይበቃዋል። የውስጡ ቦኮላ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) ከተበላ ወይም የሚያብረቀርቁትን ቱቦዎች ዝገት ከቆፈራቸው ግን ጥገናው ቀን መግፊያ ነው። ያኔ መቀየር ያዋጣል። ሲቀየር ደግሞ ከማርካው በፊት ልኩ ይታያል።

እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ከሳይክሉ ጋር የመጣውን ሾክ ፈትቼ ጠግኜ ነዳሁበት። ኋላ በአየር በሚሠራ ሾክ ቀየርኩት፤ አሁን በአዲሱ ላይ ወራት ተቆጥረዋል። የሁለቱንም አምራቾች ስም እዚህ አልጠራም። የማነሳው ቅሬታ የዚህ ዋጋ እርከን ጠባይ እንጂ የአንድ ድርጅት ጉድ አይደለም።

አሮጌው እናንተም ጋ ያለው ዓይነት ነው። 100 ሚ.ሜ. ይወርዳል ተብሎ የተጻፈበት፣ በሞላ የሚሠራ፣ ከላይ በአንዱ በኩል በእጅ የሚዞር ማስተካከያ፣ በሌላው በኩል ሎክ (ሾኩ እንዳይወርድ መቆለፊያ) ያለው። የላይኞቹ ቱቦዎች ክሮም የተለበጡ ብረት ናቸው። የራሳችሁን ለማወቅ ማግኔት አስጠጉት፤ ከያዘ ብረት ነው። ሻል ያሉት ሾኮች ላይ ይህ ክፍል አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔቱ ይወድቃል። የብረቱ ሾክ ብቻውን 2.5 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ሳይክሉን ከፊት አንስታችሁ ደረጃ ስትወጡ የሚሰማችሁ እሱ ነው።

ውስጡ ሲከፈት ብዙ ነገር የለም። በአንዱ እግር ውስጥ ረጅም ሞላ አለ። በሌላው ሎኩን የሚይዝ ቀላል ዘዴ አለ። የሞላውን መመለስ የሚቆጣጠር ዘይት ግን የለም። ስለዚህ ድንጋይ ሲመታው የተጨመቀው ሞላ ያለ ልጓም ይመለሳል፤ መሪውም እጃችሁ ላይ ይዘላል።

ስለዚያች ከላይ ስላለችው ማስተካከያ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ሲያጠብቃት ሾኩ የጠነከረ ይመስለዋል። የምትሠራው ሞላውን ቀድሞ መጫን ብቻ ነው። ሳይክሉ ላይ ስትቀመጡ ሾኩ የሚወርደው ይቀንሳል፤ የሞላው ጥንካሬ ግን ያው ነው። ክብደት ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ቢያጠብቃትም ትልቅ ጉድጓድ ላይ ሾኩ እስከ መጨረሻው ወርዶ መጋጨቱ አይቀርም። ለዚያ መድኃኒቱ ጠንከር ያለ ሞላ ነው። ለአንዳንድ ሞዴሎች ለብቻው ይሸጣል።

ነገሩ ቴክኖሎጂ ስላልደረሰበት እንዳይመስላችሁ። ሮክሾክስ የተባለው የአሜሪካ ሾክ አምራች በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው አርኤስ-1 የተባለው የመጀመሪያ ሾኩ በአየርና በዘይት ነበር የሚሠራው። አወራረዱ 50 ሚ.ሜ. እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ግሬግ ኸርቦልድ ግን በ1990 ዱራንጎ፣ ኮሎራዶ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የቁልቁለቱን ውድድር ያሸነፈው በሱ ነው። እና ዛሬ ርካሹ ሾክ ላይ ዘይት የጠፋው ዋጋ ለመቀነስ እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ወደ ምርመራው እንምጣ፤ ገንዘብ የሚያድነው እሱ ነው። የፊት ፍሬኑን ያዙና ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጉት። የሌላኛውን እጃችሁን ጣት የላይኛው ቱቦ ወደ ታችኛው እግር የሚገባበት ቦታ ላይ አሳርፉ፤ ግማሹ ቱቦውን፣ ግማሹ እግሩን ይንካ። እዚያ ላይ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ልቅነት ከተሰማችሁ ቦኮላው ተበልቷል። በጣም ትንሽ ከሆነ አትደንግጡ፤ ርካሽ ሾክ አዲስም ሆኖ ትንሽ ይነቃነቃል። ልቅነቱ ከላይ፣ የፍሬሙ አንገት ላይ ከተሰማ ግን ሾኩ ነፃ ነው። ያ የመሪው ኩሽኔታ ነው፤ ስቴሙን (መሪውን ከሾኩ ቱቦ ጋር የሚያስረውን ክፍል) አላልቶ የላይኛውን ቡሎን ጠበቅ በማድረግ ይስተካከላል። መለየት ካቃታችሁ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አዙራችሁ፣ ፍሬኑን ሳትይዙ ነቅንቁት። ድምፁ አሁንም ካለ የኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታ ላልቶባቸው ደህና ሾክ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን ጥረጉና ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ታች ጎትቱባቸው። ጥፍር የሚይዝ ነገር ከሌለ፣ የሚታየው ዝገት የላይ ነው፤ ተጠርጎ ይለቃል። ጥፍራችሁ ከተያዘ ክሮሙ ተቆፍሯል ማለት ነው። ያ ጉድጓድ በወረደ በወጣ ቁጥር የአቧራ መከላከያውን ጎሚኒ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጎሚኒው ሲሄድ አቧራና ውሃ ይገባል፤ ከዚያ ቦኮላው ይከተላል። የኔው በአንዱ ቱቦ ጀርባ በኩል፣ ከጎማው ጭቃ የሚረጭበት ቦታ ላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጉድጓድ ነበረችው።

ቢሆንም መጀመሪያ ጠገንኩት። ሥራው ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ጎማው ይወጣል፤ የፍሬኑ ካሊፐር (ዲስኩን የሚይዘው ክፍል) ተፈትቶ ወደ ጎን ይታሰራል። በሁለቱ እግሮች ጫፍ፣ ከታች በኩል፣ አንድ አንድ ቡሎን ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜ በባለ ስድስት ማዕዘን (አለን) ቁልፍ ይፈታሉ። እነሱን ወዲያው አታውጧቸው። ጥቂት ዙር ብቻ አላሏቸውና ጭንቅላታቸውን በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱ፤ ውስጥ ያለው ዘንግ የሚላቀቀው በዚህ ነው። ከዚያ ቡሎኖቹ ይወጣሉ፤ የታችኛው እግርም ሲጎተት ይመጣል። ሞላውን መንካት አያስፈልግም።

ከውስጥ የወጣውን ግራሶ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ጥቁር ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር ነው፤ በሁለት ጣት ሲታሽ አሸዋው ይንኮሻኮሻል። ከጎሚኒው ስር ቀለበት ሠርቶ ደርቋል። በአንዱ እግር ግርጌ ደግሞ ቡናማ ውሃ ተቀምጦ ነበር። ሾኩን ያደረቀው ይሄ ነው እንጂ ሞላው ምንም አልሆነም።

በረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በአልኮል እያረጠባችሁ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ውስጡን ጥረጉት። የግራሶው ዓይነት ላይ አትሰስቱ። ለሾክ የተሠራ፣ ሊቲየም የሌለበት ግራሶ ፈልጉ፤ ጎሚኒና ፕላስቲክ የሚስማማው እሱ ነው። ቦኮላዎቹን ቀቡ፣ በጎሚኒው ከንፈር ውስጥ ዙሪያውን ሙሉ፣ ቱቦዎቹንም በስሱ አዳርሱ። መልሳችሁ ስታስገቡ የጎሚኒው ከንፈር ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ተጠንቀቁ። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ግን ቱቦው ላይ አትርጩ። ለጊዜው ልስልስ ያደርገዋል። ወዲያው ግን ያለውን ግራሶ ያጥበዋል፤ ከጎሚኒው ላይ ያለውን አቧራም ይዞት ይገባል።

ውጤቱ በቀጥታ ታየ። በሁለት እጅ ተጭኜው እምቢ ይል የነበረው ሾክ ስቀመጥበት ብቻ መውረድ ጀመረ። ትናንሽ ጠጠሮች ላይ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ። ሳይክሉን ለሥራ መመላለሻና ለጠጠር መንገድ የሚጠቀም ሰው እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም አይቀርበትም። ቁልቁለት ላይ ግን ዝላዩ እንዳለ ነው። ግራሶ ሞላን ልጓም አያስገባውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልቅነቱ ባሰ። ያቺ የዝገት ጉድጓድ አንዱን ጎሚኒ ጨረሰችው፣ ግራሶውም ቶሎ ቶሎ መቆሸሽ ጀመረ። የቦኮላው መለዋወጫ ለዚህ ዓይነት ሾክ እንደልብ አይገኝም። ቢገኝም ማውጫና ማስገቢያ መሣሪያ ይፈልጋል። ተበልቶ ለተቆፈረ ቱቦ አዲስ ቦኮላ መግዛት ደግሞ ለማይረባ በር አዲስ ቁልፍ መግጠም ነው። ተውኩት።

አሁን ወደ ግዢው። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ የምጽፈው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ነው። ሰው ስለ ሾክ ሲጠይቅ "የቱ ይሻላል?" ይላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "የቱ ይገባል?" ነው።

አንደኛው ልክ ወደ ፍሬሙ አንገት የሚገባው ቱቦ ነው። ብዙ ርካሽና የቆዩ ፍሬሞች ከላይ እስከ ታች እኩል 28.6 ሚ.ሜ. የሆነ ቱቦ ነው የሚወስዱት። አዳዲሶቹ ሾኮች ደግሞ አብዛኞቹ ከታች ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ከላይ 28.6፣ ከታች 39.8 ሚ.ሜ.። ሰፊ አንገት ያለው ፍሬም ላይ ቀጥ ያለውን ቱቦ በማጥበቢያ ቀለበት መግጠም ይቻላል። ጠባብ አንገት ላይ ግን ሰፊውን ማስገባት የለም፤ 44 ሚ.ሜ. አንገት ካልሆነና ኩሽኔታውን ከውጭ የሚይዝ ኩባያ ካልተገጠመለት በቀር።

ሁለተኛው የጎማው ሞዞ፣ ማለትም ዘንጉ የሚያልፍበት መሃሉ፣ ነው። በእጅ ማጠፊያ የሚታሰረው የተለመደው ሞዞ 9 ሚ.ሜ. ዘንግና 100 ሚ.ሜ. ስፋት አለው። ሻል ያለ ሾክ ስትፈልጉ ባለ 15 ሚ.ሜ. ወፍራም ዘንግ ይገጥማችኋል፤ ስፋቱም ወይ 100 ወይ 110። ሞዞአችሁ የማይቀየር ከሆነ ሾክ ልትገዙ ወጥታችሁ ጎማም ጨምራችሁ ትገባላችሁ። በጎማ ጠርዝ ላይ የሚይዝ ፍሬን ያላችሁ ደግሞ የባሰ አለባችሁ። አብዛኞቹ አዳዲስ ሾኮች የዲስክ ፍሬን ማሰሪያ ብቻ ነው ያላቸው።

ሦስተኛው ቁመት ነው። ፍሬሙ 100 ሚ.ሜ. ለሚወርድ ሾክ ከተሠራ፣ 120 የሚወርድ ቢገጠምለት ፊቱ ከፍ ይላል፣ የአንገቱ ማዕዘንም በ1 ዲግሪ ገደማ ይጋደማል። 20 ሚ.ሜ. ብዙዎች ይታገሡታል። ከዚያ በላይ ሲሆን ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይንከራተታል፤ የፍሬሙ አንገትም ያልታሰበለትን ጫና ይሸከማል። ከጽሑፉ ይልቅ ከጎማው ዘንግ እስከ ሾኩ ትከሻ (ሁለቱ እግሮች ከላይ እስከሚገናኙበት) ያለውን ርቀት ለኩ፤ ተመሳሳይ አወራረድ የተጻፈባቸው ሁለት ሾኮች በቁመት ሊለያዩ ይችላሉ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የመሪውን ቱቦ (ወደ ፍሬሙ አንገት የሚገባውን) ርዝመት ሳትለኩ አትክፈሉ። የቀድሞው ባለቤት አሳጥሮ ከቆረጠው ማስረዘሚያ የለውም።

እኔ የመረጥኩት ቀጥ ያለ ቱቦ፣ 9 ሚ.ሜ. ዘንግ፣ 100 ሚ.ሜ. አወራረድ ያለውን ነው። የላይኞቹ ቱቦዎቹ 32 ሚ.ሜ. አሉሚኒየም ናቸው፤ በአንዱ እግር አየር፣ በሌላው ዘይት። ያለኝ ጎማና ፍሬን ሳይነኩ ገቡለት። ክብደቱ 2 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ከፊት ከግማሽ ኪሎ በላይ ቀለለ። ዋጋው? በዚህ ሳይክል ላይ ከፍሬሙ ቀጥሎ ውዱ ዕቃ እሱ ነው። ሳይክላችሁ አሮጌ ከሆነና ሌሎቹም ክፍሎች እያለቁ ከሆነ በዚህ ገንዘብ ያገለገለ ሻል ያለ ሳይክል መፈለግ ሞኝነት አይደለም።

መግጠሙ ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ልቁም። ከአሮጌው ትከሻ ላይ የኩሽኔታውን መቀመጫ ቀለበት አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር አለ። የተሰነጠቀ ቀለበት ከሆነ በጣት ይወጣል። ያልተሰነጠቀው ዙሪያውን በጥቂት በጥቂቱ እየተመታ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው የመሪውን ቱቦ መቁረጥ ነው። ስቴሙንና ቀለበቶቹን ሁሉ ደርድሩ፣ ምልክት አድርጉ፣ የቱቦው ጫፍ ከላይኛው ቀለበት 3 ሚ.ሜ. ያህል ዝቅ እንዲል አስቡ። ከተጠራጠራችሁ አስረዝሙት፤ ትርፉ በቀለበት ይሞላል። ሴጌቶው ጠማማ እንዳይሄድ አንድ አሮጌ ስቴም እንደ መምሪያ እሰሩለት፤ የተቆረጠውን አፍ በሞረድ አለስልሱት። ሲታሰር መጀመሪያ የላይኛው ቡሎን፣ ከዚያ የስቴሙ የጎን ቡሎኖች ናቸው። በስቴሙ ላይ የተጻፈውን የማጥበቂያ ልክ አክብሩ፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው።

ወራቱ ምን አሳዩኝ? ትልቁ ለውጥ ልስላሴው አይመስለኝም። ከክብደቴ ጋር መስማማቱ ነው። አየር ስለሆነ በፓምፕ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። በመደበኛ አለባበሴ ሳይክሉ ላይ ስቀመጥ ከ100 ሚ.ሜ. ውስጥ 20 ያህሉን እንዲወርድ አድርጌዋለሁ። ለዚህ መለኪያ ቱቦው ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ትበቃለች። ከሌላችሁ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ላላ አድርጋችሁ እሰሩና ስትጨርሱ ቁረጡት። መነሻውን ከአምራቹ የክብደት ሠንጠረዥ ውሰዱ። እኔ ከሠንጠረዡ ዝቅ ብዬ ነው የተመቸኝ።

የሾክ ፓምፕ ግዙ። ይሄ ምርጫ አይደለም። የሾኩ የአየር ክፍል ጠባብ ነው፤ ግፊቱ ግን ከጎማው እጅግ ይበልጣል። የጎማ መንፊያ አንድ ጊዜ ቢገፋ ልኩን ሊያልፍ ይችላል፤ ሲነቀል ደግሞ ብዙ ያፈሳል። የሾኩን ፓምፕ ስትነቅሉ "ፍስስ" ቢል አትጨነቁ፤ የሚወጣው የቱቦው አየር ነው። መልሳችሁ ስትሰኩት ንባቡ ዝቅ ብሎ የሚታየውም አየሩ ወደ ፓምፑ ቱቦ ስለሚገባ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ሾኩ ያፈስሳል ብሎ ይከራከራል።

ከታች ያለችው የመመለሻ ፍጥነት ማስተካከያ ግን ልቤን ወስዳዋለች። አንዳንዶቹ ላይ ጥንቸልና ኤሊ ተስሎባታል። ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ ሾኩ አንዴ ወርዶ፣ አንዴ ተመልሶ ጸጥ ካለ ልክ ነው። ሁለቴ ከዘለለ ወደ ኤሊው አዙሩ። ተጣብቆ ከቀረና ተከታታይ ጉብታ ላይ እየሰመጠ ከሄደ ወደ ጥንቸሉ። የሞላው ሾክ ላይ ያልነበረው ይሄ ነው። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው መሬቱን ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬኑም በዚያው ልክ የተሻለ የሚይዝ ይመስላል።

ቅሬታም አለኝ። ሲመጣ ውስጡ የገባው ዘይት የጥንቃቄ ሥራ አይመስልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ደረቅ ደረቅ ይል ነበር። ታችኛውን እግር ከፍቼ ትክክለኛውን መጠን ስጨምርለት ነው የተፈታው። ርካሽ የአየር ሾክ ከገዛችሁ "አዲስ ነው" ብላችሁ አትተዉት። ሎኩም ሙሉ በሙሉ አይቆልፍም፤ ቆሞ ለመጋለብ የሚወድ ሰው ትንሽ ይበሳጫል። አየሩም በጣም በዝግታ ይወርዳል፤ በየተወሰነ ጊዜው ማየት ግድ ነው። የሞላው ሾክ ይሄን ሁሉ አይጠይቅም፤ ችላ ቢባልም ይሄዳል። የአየሩ ግን አገልግሎት ይፈልጋል። ብዙ አምራቾች የታችኛው እግር በየ50 ሰዓት ንዳት ተከፍቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ይላሉ። ያንን የማያደርግ ሰው የሞላውን ይያዝ፤ በየጊዜው ግራሶ ይቀባው፤ ይሻለዋል።

የማይነሳ ግን መነሳት ያለበት ሦስተኛ አማራጭ አለ። ከተማ ውስጥና ጠጠር መንገድ ላይ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ሾክ የሌለው ድፍን ፎርክ ግጠሙ። ቁመቱ ለሾክ ፍሬም የተስተካከለ መሆኑን ብቻ እዩ። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከሞላው ሾክ ግማሽ አይሞላም፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። ሰፋ ያለ ጎማ አድርጋችሁ ነፋሱን ቀነስ ብታደርጉ ትናንሹን ንቅናቄ ጎማው ይውጠዋል። ከሞተ ርካሽ ሾክ ጋር ከመታገል እሱን እመርጣለሁ።

የኔው በአሁኑ ጊዜ በግራ ቱቦው ላይ ስስ የዘይት ቀለበት መተው ጀምሯል። ትንሽ እርጥበት ጤነኛ ነው፤ የኔው ግን አቧራ እየያዘ ወደ ታች መንጠባጠብ ስለጀመረ ጎሚኒዎቹን ልቀይር ነው። እናንተም ለማዘዝ ስትነሱ የቱቦውን ውፍረት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ለ32 ሚ.ሜ. ቱቦ የተሠሩ ጎሚኒዎች የውጭ ልካቸው ከአምራች አምራች ይለያያል። የሞዴሉን ስምና ዓመት ከታችኛው እግር ጀርባ ላይ ካለው ስቲከር ጻፉ።